ስለ ጫማ የውስጥ ሶል አመራረጥ

ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርታቴ መወዳደሩ ይታወቃል። በሹም አቦ ሱቆቻችን የበረዶ ጫማ ፈላጊ የለውም፤ ይሁን እንጂ ለዚያ ጫማ ሶል የሚያስፈልገው ችሎታ፣ ይኸውም እግርን ደግፎ መያዝና የእርምጃን ምት ማብረድ፣ ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚቆመው አስተናጋጅና ባለሱቅም ያስፈልገዋል።

ባለፈው ክረምት መደብራችን ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ስስ ስፖንጅ አስመጥቶ ነበር። ወር ሳይሞላው ተደፍጥጦ ደንበኞች መለሱት። ገንዘባቸውን ብንመልስም እምነታቸውን መመለስ አልቻልንም።

ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ይፈትን። ተረከዙ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሰመጥ ብሎ ወዲያው የሚነሣ፣ ተረከዝን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ከወገቡ ሲያጥፉት የማይልፈሰፈስ ይሁን፤ ልስላሴ ብቻውን ድጋፍ አይሆንምና። የጣና ዳር ክረምት እርጥብ ስለሆነም ቶሎ የሚደርቀው ይመረጥ።

ባለሱቁም አሮጌውን ሶል አስወጥቶ በአዲሱ ላይ እየለካ ይሽጥ፤ መደረብ ጫማን ያጠብባልና። የስኳር ሕመምተኛን ወይም እግሩ የሚደነዝዘውን ግን አስቀድሞ ሐኪም እንዲያማክር መንገር ይገባል። ከአንድ ጥንድ ሶል ትርፍ የደንበኛ እግር ይበልጣል።