ስለ ተማሪ ጠበቃ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። ምሥጢሩም ግልጽ ነው፤ ሰው ቃሉን ተናግሮ፥ ተሰምቶ፥ ተረትቶ ብዙ ገንዘብ ቢያጣ ይጽናናል። ሳይሰሙት ጥቂቱን እንኳ ቢወስዱበት ግን ልቡ አያርፍም።

ስለዚህ በቀድሞ ዘመን ኹለት ሰዎች በነገር ቢጣሉ፥ መንገደኛውን እንኳ አቁመው «ፍረደን» ብለው በዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡት ነበር። ሙግቱም በላ ልበልሃ ይባል ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ በየተራቸው ይናገራሉ፤ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳሉ። አንደበቱ የማይቀናለት ሰውም ነገረ ፈጅ ያቆም ነበር።

ነገር ግን ያለ ክርክር ሰውን ጥፋተኛ የሚያደርግ ሌላ ልማድ ደግሞ ነበረ፤ እርሱም ሌባ ሻይ ይባላል። ዕቃ በጠፋ ጊዜ ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡንም አስረው ይለቁታል። እርሱ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን ይከፍል ነበር። አስተውሉ፤ ባለቤቱ የሚጠይቀው ምስክር የለም፤ ብላቴናውም የሚያደርገውን አያውቅም።

በትምህርት ቤት የሚደረገው ምስለ ችሎት ብላቴናውን በተቃራኒው መንገድ ያቆመዋል፤ አእምሮውን አያሰክርም፥ ያነቃዋል እንጂ። ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች ዳኛ፥ ከሳሽ፥ ተከሳሽ፥ ጠበቃና ምስክር ኾነው በአንድ የታሰበ ነገር የሚከራከሩበት ትምህርት ነው። መምህሩ ነገሩን ጽፎ ይሰጣል፤ ሥራውም በዕጣ ይከፈላል።

ለምሳሌ ነገሩ ከክፍሉ ሣጥን ስለ ጠፋ መጽሐፍ ነው እንበል። አንድ ምስክር «ተከሳሹን ከሣጥኑ አጠገብ አየሁት» ይላል፤ ክፍሉም ኹሉ በልቡ ፈርዶ ጨርሷል። የተከሳሹ ጠበቃ የመኾን ዕጣ የደረሰው ተማሪ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። አስቀድሞ ተከሳሹን በጸጥታ ይሰማዋል። ቀጥሎም ምስክሩን ይጠይቃል፤ ጊዜው ስንት ሰዓት ነበር? ምን ያህል ርቀህ ቆመህ ነበር? ፊቱን አየህን ወይስ ልብሱን ብቻ? መጽሐፉን በእጁ ይዞ አየኸውን? ምስክሩ ያየው መቆሙን ብቻ ከኾነ፥ መስረቁን የጨመረው ግምት ነው። ያዩትን ከገመቱት መለየት የጠበቃ ዋና ጥበብ ነው።

ዳንኤልም ሶስናን ከሞት ያዳናት በዚህ ጥበብ ነው። ኹለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ፥ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላውም ሌላ ዛፍ ጠሩ፤ ሐሰታቸውም ተገለጠ። ሕዝቡ ግን አስቀድሞ አምኗቸው፥ ሞት ፈርዶባት ነበር።

ነገር ግን ለሰው መቆም ለሐሰት መቆም አይደለም። ተማሪው ጠበቃ ለምስክር የሐሰት ቃል አያስጠናም፤ የባላጋራውንም ንግግር አያቋርጥም። ተከሳሹ ጥፋተኛ ኾኖ ቢገኝ፥ ቅጣቱ ከጥፋቱ እንዳይበልጥ ይለምናል። ቢረታም ለዳኛው እጅ ነሥቶ ይቀመጣል። በሌላ ቀን ደግሞ መምህሩ የከሳሽ ጠበቃ ያደርገዋል፤ በዚያን ጊዜ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ኀዘን ይገባዋል።

ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፥ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር፥ በርሱ ላይ የቀረቡትን ምስክሮች እንዲጠይቅ፥ በጠበቃም እንዲወከል በ20ኛው አንቀጽ ይደነግጋል። ይህን ሕግ ወረቀት ብቻውን አይጠብቀውም፤ የሚጠብቁት መስማትን የለመዱ ሰዎች ናቸው።

ልጆች ሆይ፥ ኹላችሁ ጠበቃ አትኾኑም። ነገር ግን ኹላችሁ ስለ ባልንጀራችሁ ክፉ ወሬ ትሰማላችሁ። በዚያን ጊዜ «ማን አየ? ምን አየ? እርሱስ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው፥ በሌላው ቤት እየተንገዳገደ እንደሚወድቀው ብላቴና ነው።