ጉልበት ሲሳም የት ትቆማለህ?

ኅዳር ሲጋመስና የነቢያት ጾም ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከሚደውሉት ግማሾቹ የጥር ሙሽሮች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ የሰርግ ፎቶ ረዳት ሆነው መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች። ወጣቶቹ ብዙ ጊዜ ከካሜራቸው ይጀምራሉ። ሶኒ ገዝቻለሁ፣ 85 ሌንስ ሊመጣልኝ ነው ይላሉ። ሰምቼ ስጨርስ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ጉልበት ሲሳም የት ትቆማለህ?»

«ፊት ለፊት ነዋ» የሚሉ ይበዛሉ። ከአዛውንቶቹ ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚያገኘው የሁለት ሙሽሮች ጀርባና የቬሎ ጅራት ነው። ሙሽሮቹ ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ፎቶው ያለው በሚመርቁት እናት ፊትና ትከሻ ላይ ባረፈ እጃቸው ነው። እሱን ዋናው ፎቶ አንሺ ከጎን ሆኖ ያነሳዋል። ረዳቱ ወንበር ከተደረደረበት ጫፍ በርከክ ብሎ ሙሽራዋ ቀና የምትልበትን ቅጽበት ይጠብቃል። እንባ ካለ እዚያ ጋ ነው። ይህን ሁላችንም ስናየው ያደግን ነገር ነው፤ ካሜራ አንገታችን ላይ ሲንጠለጠል ግን እንዴት እንደሚረሳን እንጃ።

ለዚህ ነው አዲስ ረዳት የመጀመሪያውን ወቅት ሰርጉን እያጠና ቢያሳልፈው የምመርጠው። ከሙሽራው ወገን ቃላቸው የሚሰማው አጎት የትኛው ናቸው? የሞቱ ወላጅ አሉ? ካሉ «አባትየው ጋ ቁሙ» የሚል ትእዛዝ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን ለማወቅ ጠዋት ቤቱ ገብቶ ከአንዲት አክስት ጋር ሻይ መጠጣት ከየትኛውም ሌንስ ይበልጣል። ሴት ረዳቶች እዚህ ላይ ይቀድሙናል፤ ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል በር ለእነሱ ይከፈታል፤ የዕለቱ ምርጥ ፎቶም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወጣል።

ተክሊል ካለ ቀኑ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። ፍላሽ የሚፈቅድም የማይፈቅድም ደብር ስላለ አስቀድሞ አስተዳዳሪውን ማስጠየቅ ነው። ቅኔ ማኅሌቱ የት እንደሚያበቃና ቅድስቱ የት እንደሚጀምር የማያውቅ ረዳት፣ ዲያቆን እጁን ይዞ እስኪመልሰው ድረስ ይገባል። ጫማም ይወልቃልና ማሰሪያ የሌለው ጫማ፣ ያልተቀደደ ካልሲ። (ቀልድ አይደለም፤ የሙሽራ ቤተሰብ ካልሲ ያያል።)

ሶፍትቦክስ ይዞ መቆም የሚያሳፍራቸው አሉ። እኔ ግን መብራትን ከዚያ በላይ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም። መብራቱን የያዘ ሰው ግማሽ እርምጃ በራቀ ቁጥር የአፍንጫ ጥላ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኑ ያያል። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ በሞላበት ቤት ካሜራው ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ሊጎትተው ይሞክራል፤ ፎቶው ሲጨልም የሰዉ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሸራው ቢጫ ከሆነ ሙሽሪትም ቢጫ ናት። ኤዲት ላይ ከመታገል ሙሽሮቹን ወደ ድንኳኑ አፍ ቀረብ ማድረግ ይቀላል። ያንን በትሕትና የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ረዳቱ ነው።

አዳራሽ ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ለዓይን አይታይም፤ ፎቶው ላይ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ እንዳይረብሽ ተብሎ የበራው ድምፅ አልባ ሹተር አዳራሽ ድረስ ከተረሳ መስመሩ ይብሳል።

የካሜራ ሰዓትም እንዲሁ። ሰርገኛው በ3 ሰዓት ይደርሳል ሲባል ካሜራው 9 ሰዓት ነው የሚለው፤ አንዱ በሀገርኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶት ከመጣ የሦስት ካሜራ ፎቶ ሲቀላቀል ሙሽራው ሙሽራዋን ሳይወስድ ኬክ ሲቆርስ ይገኛል። ጠዋት ሁሉንም እስከ ሰከንዱ ማናበብ የረዳቱ ሥራ ነው። የሞላ ካርድ በአንድ ኪስ፣ ባዶው በሌላ፤ ማታ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ምንም ካርድ አይደመሰስም፣ ረዳቱም አይተኛም።

የፎቶ ሙያን ከሰው መቀበል ለኛ አገር አዲስ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም አውርሷል። የዛሬው ረዳት ግን የአለቃው ልጅ ስላልሆነ ቃሉ አስቀድሞ ይነገር። የቀኑ ክፍያ ስንት ነው? ማን ያበላል? ያነሳውን ፎቶ በራሱ ስም መለጠፍ ይችላል? ይችላል ከተባለስ መቼ? እኔ ሙሽሮቹ አልበማቸውን ከተረከቡ በኋላ እፈቅዳለሁ፤ በነፃ የሚያሠራን ሰው ግን አልደግፍም። የመጣው ለመማር ቢሆንም ታክሲ ከፍሎ ነው የመጣው። በረዳቱም በኩል አንድ ግዴታ አለ፦ ሰርጉ ላይ ቁጥሩን የጠየቀ እንግዳ ቢኖር የሚሰጠው የዋናውን ነው።

ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ጥቅምት ነው። በገናና በዐቢይ ጾም መካከል ሰርጉ ሁሉ ስለሚደራረብ ጥር ላይ ማንም ቆሞ አያስተምርም። እኔ አዲስ ሰው ስቀበል በመልስ አስጀምራለሁ። ሰዉ አነስ ይላል፣ ካባው ደምቋል፣ ሙሽሮቹም ከትናንቱ ሩጫ አርፈዋል። 35 ሌንስ ብቻ ሰጥቼ «የሴት ሚዜዎቹን እናቶች አንሳልኝ» እላለሁ። ልጁ እናቶቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቆ ለማወቅ ቤቱን ዞሮ ሁሉንም ሰላም ማለት አለበት።