አሳዳጊ የበደለው?

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ በመስኮት እያየ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት እናትየዋ እንድትሰማ አድርገው «አሳዳጊ የበደለው!» አሉ። እሷም የልጁን ጭን ቆነጠጠች። አለቀሰ፤ ከዚያ ቁጥሩን ከበፊቱ አስበልጦ እየጮኸ ቀጠለ። ኦቲዝም እንዳለበት የነገረችኝ ስንወርድ ነው።

«ጮክ ብሎ የሚያወራ ልጅ ሥርዓት ያልተማረ ነው» የሚለው እምነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በእኛ ዘንድ በታላቅ ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው፤ አብዛኛው ልጅም ይህን የሚማረው ከእናቱ ግልምጫ ነው። ግልምጫን ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ግን ከምን ይማር?

ድምፅን መመጠን ብዙ ሥራ አለው። የራስን ድምፅ መስማት፣ የአካባቢውን ጫጫታ መለካት፣ የሰሚውን ርቀትና ፊት ማየት፣ ከዚያ ትንፋሽንና ጉሮሮን በዚያው ልክ ማዘዝ። ወፍጮ ቤት ስንገባ ማንም ሳያዘን ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባር ይህን በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ሰዎች ግን ልኩን ማግኘት እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ተመራማሪዎችም አንድ ምክንያት ላይ አልተስማሙም። አንዱ ደስ ሲለው ይጮኻል፣ ሌላው እስከማይሰማ ድረስ ያንሾካሹካል። የሚያንሾካሹከውን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ!» ብለን እናልፈዋለን።

«የሰው ጫጫታ ሲሆን ጆሮውን ይይዛል፣ ራሱ ግን ይጮኻል፤ እያወቀ ነው» የሚሉ ደግሞ ትዕግሥቴን ይጨርሱታል። የማንኛችንም አእምሮ ከገዛ አፋችን የሚወጣውን ድምፅ አስቀድሞ ስለሚጠብቀው ያለዝበዋል። የመኪና ጥሩምባ ግን ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ሰው ራሱን ቢኮረኩር የማይስቀው ለምን ይመስላችኋል?

ቁንጥጫ ጭን ያቀላል፤ ድምፁ የቱ ጋ መድረስ እንዳለበት ግን አይናገርም። «አትጩህ!»ም እንዲሁ። የሚታይ ነገር ይሻላል። አንዲት የማውቃት እናት የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ሥላ ከዜሮ እስከ አራት ቁጥር ጽፋበታለች። ቤት ውስጥ እየተጫወቱ ይለማመዱታል፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ አንድ ጣቷን ብቻ ታሳየዋለች። ሁልጊዜ አይሠራም። ሲደክመው ወይም ሲጨነቅ አራትም አይበቃው።

አሳዳጊን መክሰስ፣ ለነገሩ፣ የአዛውንቱ ብቻ ጥፋት አይደለም። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ጸሐፊ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝምን በእናቶች ቅዝቃዜ አሳብቦ ነበር። ሳይንሱ ይህን ከጣለው ቆይቷል፤ ሚኒባሳችን ግን አሁንም ያሳፍረዋል።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬስ? መነሻው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል። እርግማን የሚሉትስ? ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ እስኪያርፉ ድረስ ይህን ሲሞግቱ ኖረዋል።

«ጆሮው ባይሰማ ነው» የሚሉትን ግን አልቆጣቸውም። የመስማት ችግርም ድምፅን ከፍ ያደርጋል፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅም ይህ ሊደረብበት ይችላል። ጆሮውን ማስመርመር ከቁንጥጫው ይቅደም።