እግር የሚያጥብ አለቃ

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት በእንጅባራና በዳንግላ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ አገር ሁሉ፥ ሕጽበተ እግር የሚባል ሥርዓት ይፈጸማል። ውኃ ይቀርባል፥ ይጸለይበታልም። ከዚህ በኋላ በማዕርግ የሚበልጠው ካህን ወገቡን በጨርቅ ታጥቆ ዝቅ ይልና የሕዝቡን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ያጥባል። ዓመቱን ሁሉ ሰው የሚነሣለት አለቃ በዚያ ቀን በገበሬው እግር ሥር ይንበረከካል። ልጆች ወደ ቤት ተመልሰው ጉልባን ሲበሉ ይረሱት ይሆናል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ማወቅ ይገባል።

በአገራችን ልማድ ታናሽ የታላቁን እግር ያጥባል እንጂ ታላቅ የታናሹን አያጥብም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ሊሰቀል በዋዜማው ይህን ልማድ ገለበጠው። ደቀ መዛሙርቱ በማዕድ ሳሉ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ይከራከሩ ነበር፤ እርሱም ተነሥቶ እንደ ሎሌ እግራቸውን አጠበ። ጴጥሮስ አፍሮ እንቢ አለ። ይሁዳም በዚያ ነበረና የእርሱም እግር ታጠበ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

የአዊ ሽማግሌዎች አባቶቻቸው ከላስታ እንደ መጡ ይናገራሉ። በላስታ የነገሡት ይምርሐነ ክርስቶስና ላሊበላም ንጉሥም ካህንም እንደ ነበሩ በቤተ ክርስቲያን ይተረካል። ሕዝብ ለንጉሥ ይሰግዳል፤ ካህን የሆነ ንጉሥ ግን በመቅደስ ጫማውን አውልቆ ለሌላ ጌታ ይሰግዳል። ሹመቱ የእርሱ እንዳልሆነ እግሩ ያስታውሰዋል።

ዳሩ ግን በበዓል ቀን፥ ሰው ሁሉ እያየ፥ ንጹሕ እግር ማጠብ ብዙ አያስቸግርም። የሚከብደው ከቤት የማይወጣው እግር ነው። በአዊ ምድር ቀይ አፈር አለ፤ ዝናሙም ብዙ ነው። በዚህ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ዝሆኔ የሚባል በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ እግሩ ያብጣል፥ ቆዳው ይሻክራል፥ ይሸትማል። ብዙ ሰዎች ይህን እርግማን ነው ወይም ይጋባል ብለው በሽተኛውን ይሸሹታል። እርሱም አፍሮ ከገበያ፥ ከሰርግና ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ነገር ግን እርግማንም አይደለም፥ አይጋባምም። በ1970ዎቹ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ መርምሮ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን አስረዳ። የደቀቀው የአፈር ብናኝ በቆዳ ገብቶ በእግር ውስጥ ውኃው የሚመላለስበትን መንገድ ይዘጋል።

እንግዲህ አለቃ ቢሆን፥ ዳኛ ቢሆን፥ መምህርም ቢሆን፥ ሹመቱን ከእግዚአብሔር ተቀበልሁ የሚል ሰው የሚታወቀው በዚህ በሽተኛ ደጅ ነው። ማንም ሳያየው ገብቶ ያን እግር በእጁ ቢይዝ፥ ጎረቤቶቹ ሁሉ አይጋባም የሚለውን ቃል ከመቶ ስብከት ይልቅ ከእጁ ያምናሉ።

ሕክምናውም የሕጽበተ እግርን ሥርዓት ይመስላል፤ እግሩን ዕለት ዕለት በውኃና በሳሙና ማጠብ፥ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ በጨርቅ መጠቅለል፥ ከዚያም ጫማ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲደረግ እብጠቱ እየቀነሰ፥ ሽታውም እየጠፋ ይሄዳል፤ ያ ሰውም በሚቀጥለው ጸሎተ ሐሙስ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፎ እግሩን ለካህኑ ሊዘረጋ ይችላል።