የኮከብ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

በጥምቀት ሰሞን፣ ከምሽቱ በ4 ሰዓት ገደማ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሳጉሬ ከተማ መብራት ጥቂት ራቅ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ብታዞሩ፣ ካኖፐስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ታያላችሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከእርሱ በስተቀኝ ሦስት አራት ጣት ብትለኩ ደግሞ አንዲት ደብዘዝ ያለች ኮከብ ታገኛላችሁ። ስሟ ቤታ ፒክቶሪስ ነው። ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 63 ዓመት ያህል ይጓዛል፤ ለኮከብ ይህ የጎረቤት ቤት ነው።

ይህችን ኮከብ የአቧራ ቀለበት ከቧታል፤ ሁለት ፕላኔቶችም ተገኝተውባታል። ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ግን ዕድሜዋ ነበር። ፕላኔት ሲወለድ የጋለ ነው፤ እያደር ይቀዘቅዛል። ክብደቱን ከድምቀቱ ለመገመት የሚፈልግ ሰው ዕድሜውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በዕድሜው የተሳሳተ በክብደቱም ይሳሳታልና።

የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜው ሲጠየቅ፣ «በ77ቱ ድርቅ ዳዴ እል ነበር» ይላል፤ የጡረታ ጸሐፊውም ምስክር አምጣ ይለዋል። የሥነ ፈለክ ሊቅም ከኮከብ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንደኛው ምስክር ራጅ ነው፤ በሐኪም ቤት አጥንታችን የሚነሣበት ያው ጨረር። ወጣት ኮከብ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ ብርቱ የመግነጢስ ኃይል ይፈጥራል፤ ይህም ኃይል በኮከቡ ዙሪያ ያለውን ጋዝ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ሲያግለው ራጅ ይፈነጥቃል። አየራችን ይህን ጨረር ስለሚያግድ (ባያግድ ኖሮ እኛም ባልኖርን) መለኪያውን ወደ ጠፈር መላክ ግድ ሆነ። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተተኮሰችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበረ፣ ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። በ1982 ዓ.ም. በጀርመን መሪነት የተላከችው ሮሳት መላውን ሰማይ በራጅ አነሣች። ኋላ የመጣው ኤሮሲታ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መዝገብ፣ በግማሹ ሰማይ ብቻ 900,000 ያህል የራጅ ምንጮች ቆጥሯል። አብዛኞቹ ግን በሩቅ ጋላክሲዎች መካከል ያሉ ጥቁር ጉድጓዶች እንጂ ኮከቦች አይደሉም።

ሁለተኛው ምስክር የኮከቡ ብርሃን ነው። እንደ ማርያም መቀነት ተበትኖ ሲታይ፣ በቀለሞቹ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም የአንድ ንጥረ ነገር ፊርማ ነው። በቀዩ ቀለም ውስጥ ያለው የሊቲየም መስመር ዕድሜን ያጋልጣል። ከፀሐይ የሚያንሱ ኮከቦች ሊቲየማቸውን በሆዳቸው ሙቀት ያጠፉታል፤ ገና ያልጨረሰው ልጅ ነው።

ሁለቱም ለየብቻቸው ያሳስታሉ። ተጠጋግተው የሚዞሩ ሁለት አሮጌ ኮከቦች እርስ በርሳቸው ስለሚያሽከረክሩ እንደ ወጣት ራጅ ይረጫሉ፤ ሞቅ ያለ ኮከብም ሊቲየሙን ብዙ ዘመን ያቆያል። ስለዚህ መዝገብ ከመዝገብ ይመሳከራል።

ቤታ ፒክቶሪስ እጅግ የጋለች ስለሆነች ሁለቱም ምስክሮች አልረዷትም። የመሰከሩላት እኅቶቿ ናቸው። በ1991 ዓ.ም. ራጅ የሚረጩ ቀያይ ድንክ ኮከቦች ከእርስዋ ጋር በአንድ አቅጣጫና በአንድ ፍጥነት ሲጓዙ ተገኙ፤ አንዷ በ32 የብርሃን ዓመት ርቀት ያለችው ኤዩ ማይክሮስኮፒ ናት። ቀጥሎም ሊቲየማቸውን ያላጡ ሌሎች ተጨመሩ። አብረው የሚጓዙት አብረው የተወለዱ ናቸውና፣ የቤተሰቡ ዕድሜ 20 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተባለ። ፀሐያችን 4,600 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል።

ቤታ ፒክቶሪስ ከለንደንም ከፓሪስም አትታይም፤ ከአድማሳቸው በታች ናት። ኤዩ ማይክሮስኮፒን በባዶ ዓይን ማየት አይቻልም፤ የእጅ መነጽር ያለው ሰው ግን በጥቅምት ምሽት፣ ከሳጉሬ በስተደቡብ ከፍ ካለው ሰማይ ላይ ሊፈልጋት ይችላል።