የምትጨፍርበትን መድረክ የምትከራይ ሴት

«ዳንሲንግ አት ዘ ብሉ ኢጓና» የተባለውን ፊልም ካያችሁት አንባብያን መካከል ብዙዎቻችሁ አየሁት ብላችሁ በአደባባይ እንደማታወሩ እገምታለሁ። አይፈረድባችሁም። ልጆች ከተኙ በኋላ ድምፁ ተቀንሶ የሚታይ ዓይነት ፊልም ነው። ታሪኩ ያለው የራቁት ጭፈራ ቤት ውስጥ በመሆኑ እርቃን ሞልቶበታል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ አይታይም። ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ገላ ሳይሆን ስለ ሒሳብ ነው። በተለይም በዚህ በስደት ዓለም ታክሲ ነድተን፣ ፓርኪንግ ቆመን፣ ምግብ ቤት አስተናግደን በጉርሻ ላደርን ሰዎች የሚነግረን ነገር አለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ የተሠራው በ2000 ነው። አዘጋጁ ማይክል ራድፎርድ ይባላል። በ1994 በሠራው «ኢል ፖስቲኖ»፣ ማለትም ስለ አንድ ደብዳቤ አዳይና ስለ ገጣሚው ፓብሎ ኔሩዳ በሚተርከው ፊልም ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊ ነው። ከገጣሚው ደጃፍ ተነስቶ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ ወዳለ የራቁት ጭፈራ ቤት መሄዱ ብዙዎችን አስገርሟል። አካሄዱም የተለመደው አልነበረም። በእጁ የነበረው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የተጻፈ ድርሰት ደግሞ ጭራሽ አልነበረውም። ተዋንያኑን ሰበሰበና እያንዳንዳቸው ገጸ ባሕርያቸውን ራሳቸው በልምምድ እንዲፈጥሩ አደረገ። ዳሪል ሃና፣ ጄኒፈር ቲሊ፣ ሳንድራ ኦ፣ ሺላ ኬሊ፣ በሆሊውድ ስም ያላቸው ሴቶች፣ እውነተኛ ጭፈራ ቤቶች እየሄዱ ዳንሰኞቹን አነጋገሩ፤ ጭፈራውንም ተማሩ። ዳሪል ሃና ያን ጊዜ የቀረጸችውን ይዛ በኋላ «ስትሪፕ ኖትስ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ሺላ ኬሊ ደግሞ ዳንሱን ለሴቶች የሰውነት ማጠንከሪያ ስፖርት አድርጋ ማስተማር ጀመረች።

በዚህ ዓይነት ፊልም የተለመደው ተረት «ተዋናይት ለመሆን መጥታ አልሳካ ሲላት ራቁቷን ጨፈረች» የሚል ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ተዋናይት መሆን የተሳካላቸው ሴቶች ናቸው ሥራቸውን ለመሥራት ዳንሰኛ ዘንድ ሄደው የተማሩት።

በፊልሙ ውስጥ ኤንጀል የምትባለው ልጅ ወስዳ ማሳደግ የምትመኝ፣ ልቧ ደግ፣ ሐሳቧ ግን የተበታተነ ሴት ናት። ጆ ያላሰበችው እርግዝና ደርሶባታል። ሳንድራ ኦ የምትጫወታት ጃስሚን ቀን ቀን ግጥም ትጽፋለች። ከግጥም ሰዎች መሃል የወደደችው ሰው አንድ ምሽት ወደ ጭፈራ ቤቱ ይመጣል፤ እሷም መድረክ ላይ ናት። ዕንባዋ እየወረደ ትጨፍራለች። ፊልሙን አይቶ ይህን ቦታ የሚረሳ ሰው አለ ብዬ አላምንም። አንዲት ሴት ሁለት ሕይወቷ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙባት፣ መቆም እንኳ አትችልም፤ ዘፈኑ አላለቀምና።

ፊልሙን ሁለተኛ ሳየው ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። መድረኩ ላይ የሚወረወረው ዶላር ይታያል፤ ሌሊቱ ሲያልቅ ያ ዶላር ወዴት እንደሚሄድ አይታይም። ዕንባው አለ፣ የሒሳብ ደብተሩ የለም።

የሒሳብ ደብተሩን ያየሁት እኔ በሌላ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሌሊት ታክሲ እነዳ ነበር። ጭፈራ ቤቶቹ ሲዘጉ ዳንሰኞቹን ወደየቤታቸው የምናደርሳቸው እኛ ነበርን። ፀጉራቸውን ጠቅልለው፣ ሹራብ ደርበው፣ ትልቅ ቦርሳ አንግበው ሲገቡ የሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነው የሚመስሉት። ከእነሱ አንዷ በተደጋጋሚ ደንበኛዬ ነበረች። ለተዋናይነት ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣች ናት፤ ቀን ቀን ለፊልም ፈተና ትሰለፋለች፣ ማታ ትጨፍራለች። አንድ ሌሊት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አንድ ዶላሮችን እየዘረጋች ስትቆጥር ቆየችና «ዛሬ ከስሬ ነው የምገባው» አለችኝ።

እንዴት ብትከስሪ ብዬ ጠየቅኋት። ቤቱ ደመወዝ እንደማይከፍላት ነገረችኝ። እንዲያውም ከፋዩዋ እሷ ናት። ለዚያ ምሽት መድረኩን ለመውጣት ኪራይ ትከፍላለች። ከዚያ ለዲጄው፣ ለዘበኛው፣ ለባርማኑ ታካፍላለች። ደንበኛ በጠፋበት ምሽት ኪራዩ አይቀርም። ብትታመም የራሷ ጉዳይ ነው። ወረቀት ላይ ሠራተኛ ሳትሆን «ኮንትራክተር» ናት።

እኔም ስቄ የራሴን ነገርኳት። ማታ ታክሲውን ስረከብ ለኩባንያው ሊዝ እከፍላለሁ፣ ቤንዚኑ የእኔ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሰዓታት ለእነሱ ነው የምሠራው፣ ከዚያ የተረፈው ነው የልጆቼ። ቅጣት ቢመጣ የእኔ ነው። ወረቀት ላይ እኔም ኮንትራክተር ነኝ። ትንሽ ዝም አለችና «ለካ አንተም መድረክህን ተከራይተህ ነው የምትሠራው» አለችኝ።

ሌላም የነገረችኝ አለ። «ትወናን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም» አለች። ወንዱ ለገላ ብቻ አይመጣም። አንዱ እንዲሳቅለት፣ አንዱ ስለ ሚስቱ እንዲያዝኑለት፣ አንዱ ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል። በአንድ ምሽት ሃያ ሰው ሆና ትውላለች። ለዚህ ሙያ ግን ማንም ተዋናይት አይላትም።

ሆሊውድ ይህን ዓይነት ሴት ሲያሳይ በትልቅ ገንዘብም ቢሆን የተሻለ አላደረገም። «ሾውገርልስ» በ1995 ሲወጣ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበታል። ሲኒማ ቤት ወደቀ፤ በቪዲዮ ኪራይ ግን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳስገባ ይነገራል። ውርደቱን የተሸከመችው ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረችው ዋና ተዋናይት ኤሊዛቤት በርክሊ ናት። ወኪሎቿ ጥለዋት ሄዱ፣ ለዓመታትም መሳለቂያ ሆነች። ዳንሰኛዋን የተጫወተችው ተዋናይት ራሷ የዳንሰኛዋ ዕጣ ደረሳት ማለት ነው። ትርፉ ለቤቱ፣ ነውሩ ለእሷ።

ታዲያ የጎደለውን የሒሳብ ገጽ የጻፉት ራሳቸው ዳንሰኞቹ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ «ለስቲ ሌዲ» የሚባል ቤት ነበር። ዳንሰኞቹ ሁለት አቤቱታ ነበራቸው። አንደኛው፣ ደንበኞች ከመስተዋት ጀርባ ሆነው ሳያስፈቅዱ ይቀርጹናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጥቁር ሴቶች የተሻለ ገንዘብ ከሚገኝበት ሥራ ይከለከላሉ የሚል ነው። በ1996 ድምፅ ሰጥተው ዩኒየን አቋቋሙ፤ በ1997 ውል ተፈራረሙ። በ2003 ሠራተኞቹ ቤቱን ገዝተው የኅብረት ሥራ አደረጉት። በ2013 ተዘጋ። እስኪዘጋ ድረስ ግን አንድ ነገር አስመስክሯል፤ በዚህ ሙያ ያለች ሴት ውል ልትፈራረም እንደምትችል።

ከዚያ ደግሞ ፊልሙ የተቀመጠበት የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ራሱ መልስ ሰጠ። ነገሩ የሆነው ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ፣ «ስታር ጋርደን» በሚባል አነስተኛ ቤት ነው። በማርች 2022 ዳንሰኞቹ ዘበኞች ከጠበኛ ደንበኛ አይከላከሉንም፣ ያለፈቃዳችን እንቀረጻለን ብለው የፊርማ አቤቱታ አስገቡ። በሩ ተዘጋባቸው። እነሱም ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ለወራት ከበሩ ፊት ለፊት የተለያየ ልብስ እየለበሱ፣ መፈክር ይዘው ተሰለፉ። መኪና አላፊው ጥሩምባ ይነፋላቸው ነበር።

አባል ለመሆን ያመለከቱት የት እንደሆነ ልብ በሉ። አክተርስ ኢኩዊቲ ዘንድ ነው! በ1913 የተመሠረተው፣ የብሮድዌይ ተዋንያን ማኅበር። ማኅበሩም እናንተ እዚህ ምን አላችሁ አላለም። ሙዚቃ አለ፣ መድረክ አለ፣ አልባሳት አለ፣ ተመልካች አለ፤ ስለዚህ የመድረክ ሰዎች ናችሁ ብሎ ተቀበላቸው። በሜይ 2023 ድምፁ ሲቆጠር 17 ለ 0 ሆነ። ያቺ የኋላ ወንበር ደንበኛዬ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ይህን ዜና ሳነብ ግን መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

እዚህ ላይ ታክሲ ነጂው ወገኔ ጆሮውን ያቅና። በካሊፎርኒያ በ2020 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ኤቢ 5 የተባለው ሕግ አሠሪው ካላስተባበለ በቀር የሚሠራ ሰው ሁሉ ተቀጣሪ ነው ይላል። ዳንሰኛዋንም በመተግበሪያ የሚነዳውንም ሾፌር የሚመለከት ሕግ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ፕሮፖዚሽን 22ን አስወሰኑና የመተግበሪያ ሾፌሮችን ከሕጉ አወጧቸው። ሕጉ ለዳንሰኞቹም ሁሉ ጣፋጭ አልነበረም፤ አንዳንድ ቤቶች ደመወዝ ከፈልን ብለው ድርሻቸውን ቀነሱባቸው። ቢሆንም ሕጉ በእነሱ ላይ ጸና። ከእነሱ ይልቅ የተከበረ ሥራ አለን ብለን የምናስብ እኛ ሾፌሮች፣ እነሱ ያገኙትን አላገኘንም።

እንግዲህ ወደ እኛ ልመለስ። ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ አዝማሪ ቤት ያልገባ ሰው ነው። አዝማሪዋ ግንባር ላይ ብር እንለጥፋለን፣ በግጥሟ ስማችን እንዲጠራ እንከፍላለን፣ ወጥተን ደግሞ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ እናውለዋለን። አስናቀች ወርቁ በ1950ዎቹ ቴአትር መድረክ ላይ ስትወጣ የሴትን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ መጫወቷ ራሱ ነውር ነበር። በ2011 ስታርፍ ግን አገር ሁሉ የጥበብ እናት ብሎ አለቀሰላት። በነውርና በክብር መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ስልሳ ዓመት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጸሐፊው በነበርኩበት ዕቁብ አንዲት እህታችን በእንዲህ ያለ ቤት ባር ውስጥ መጠጥ እንደምትቀዳ ተሰማ። አትጨፍርም፤ ትቀዳለች። አንድ ሰው ተነስቶ «የዚህ ገንዘብ ከእኛ ጋር መደባለቁ ይገባል ወይ?» አለ። ጭቅጭቅ ሆነ። በመጨረሻ ከመሃላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት «ከመቼ ወዲህ ነው የዶላርን እናት አባት የምንጠይቀው? ለታቦቱ ስለት፣ ለሀገር ቤት ለቅሶ ስትልክ ማን ጠየቃት?» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ልጅቷ ግን ሰምታ ኖሮ፣ ዙሩን አንድ ሳምንት እንኳ ሳታሳልፍ እስከ መጨረሻው ከፍላ ወጣች።

ልጆቻችን እዚያ ይሂዱ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። በዚያ ዓለም መደባደብ አለ፣ ተገድዳ የገባች አለች፣ ዕፅ አለ፤ ሌሊቱን ያየሁት ሰው ነኝና አላስውበውም። የራሴ ሴት ልጅ ተዋናይት መሆን እፈልጋለሁ ስትለኝ መጀመሪያ የታየኝ ያ የኋላ ወንበር ነው። አትሞክሪ ግን አላልኳትም። የሰጠኋት ምክር አንድ ነው፤ «የትም መድረክ ከመውጣትሽ በፊት ወረቀቱን አንብቢ። ማን ለማን እንደሚከፍል፣ ስትታመሚ ማን እንደሚጠየቅ፣ ጓደኞችሽ ተሰብስበው መናገር ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ።»

ፊልሙን የሚያይ ሰው ጃስሚን ስታለቅስ ያዝንላታል። ማዘኑ ደግ ነው። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ግን የዚያን ምሽት ኪራይ ስንት ከፈለች ብሎ ይጠይቅ። ታክሲ የነዳ ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከማንም በላይ ይቀርበዋል።