የደም ግፊትና የልብ ማበጥ በሠራተኞች ዘንድ

በቋንቋችን «ልቡ ያበጠ» የሚባለው ትዕቢተኛ ሰው ነው። እኛ ዛሬ የምንናገርለት የልብ ማበጥ ግን ትሑቱንም ሠራተኛ ሳያስታውቅ የሚይዝ ደዌ ነው።

የሰው ልብ ከባለቤቱ ጭብጥ እጅ እጅግ የማይበልጥ ሲሆን፥ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። የደም ሥሮች ጠበውና ደንድነው ግፊቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፥ ልብ ደሙን ለማሳለፍ ከልክ በላይ መግፋት ግድ ይሆንበታል። የተሸካሚ ክንድ በሸክም ብዛት እንደሚፈረጥም ሁሉ፥ የግራው የልብ ክፍል ግድግዳም እየወፈረ ይሄዳል። ዳሩ ግን ፈርጣማ ክንድ ለባለቤቱ ሲጠቅም፥ የወፈረ ልብ ይደነድናል፤ ተላልቶ ደም መቀበል ያቅተዋል፤ ከዓመታትም በኋላ ደክሞ ይለጠጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት ሲጋደም ስለሚታፈን ትራስ ይደራርባል፤ እግሩም ያብጣል። ብዙ ሰው ይህን የሥራ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል።

የደም ግፊት አፍሪካዊውን አይነካውም የተባለበት ዘመን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ዶኒሰን የተባለ ሐኪም በኬንያ ገጠር ወደ ሐኪም ቤት ከገቡ 1,800 ያህል ሕሙማን መካከል ግፊቱ ከፍ ያለ አንድም ሰው እንዳላገኘ ጻፈ። በ1990 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከምዕራብ ኬንያ ወደ ናይሮቢ የሄዱ የሉዎ ተወላጆችን ተከታተለ። ከተማ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ግፊታቸው ከፍ አለ፤ በሽንታቸውም ጨው በዝቶ፥ ከፍራፍሬና ከአትክልት የምናገኘው ፖታሲየም አንሶ ተገኘ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ኑሮአቸውና ገበታቸው ነው። ስለዚህ ነገሩ የዘር ነው የሚሉትን እኛ አንቀበላቸውም።

በ2012 ዓ.ም. የታተመውና ኢትዮጵያ ጭምር ያለችበት የ9 የአፍሪካ አገሮች ጥናት፥ በልብ ድካም ሐኪም ቤት የገቡ 1,006 ሕሙማንን መረመረ። ከመቶው 45 ያህሉን ለዚህ ያደረሳቸው የደም ግፊት ሆኖ ተገኘ። አማካይ ዕድሜያቸውም 52 ዓመት ነበረ፤ ይኸውም ገና ልጆች የሚያስተምሩበትና ቤት የሚያቆሙበት ዕድሜ ነው።

ግፊት ራስ ካላሳመመ የለም ማለት ስሕተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የሚታወቀው ክንድን በማስለካት ብቻ ሲሆን፥ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ከፍተኛ ይባላል። ከሁሉ የሚያሳዝነን መድኃኒት ጀምሮ፥ ደኅና ሆኛለሁ በማለት በገዛ ፈቃዱ የሚያቋርጠው ሰው ነው። ደኅና ያደረገው መድኃኒቱ ነውና፥ ሲተወው ግፊቱ ይመለሳል። ጨው ቀንሶ፥ መድኃኒቱንም ሐኪም እንዳዘዘለት ሳያቋርጥ በወሰደ ሰው ዘንድ ግን፥ የወፈረው የልብ ግድግዳ በወራት ውስጥ መሳሳት ሊጀምር ይችላል።